የጥንታዊ ገንዘብ ክበብ፦ የጠገራ ብርን ወዝ ያጠናንበት ዓመት

ዘንድሮ የክበባችን አባላት ሁሉ የተስማሙበት ሕግ አንድ ነው፦ አሮጌ ብር አይፈተግም። የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ሕግ ጋር ስለተያያዘ ዘገባዬን ከእርሱ እጀምራለሁ።

በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ ያለው ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ብር፣ ለበዓል ሲወጣ በአመድ ወይም በሎሚ ይታሻል። ለጊዜው ያብለጨልጫል። ነገር ግን ለዓመታት የያዘው ወዝ፣ ማለትም በዕድሜ ብዛት ላዩ ላይ የሚወጣው ቀለም፣ በአንድ ጠዋት ይለቅና ጭረቱ ብቻ ይቀራል።

የሚጠፋው ምን እንደሆነ ያሳየን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከአያቷ ተውሳ ያመጣችው ብር ነው። አያቷ በነጠላ ቁራጭ ቋጥረው ያኖሩት ነበር። ልጆቹ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ዘንበል ሲያደርጉት ዳር ዳሩ ሰማያዊ ሆነ፤ ወደ ውስጥ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ወርቃማ፣ የእቴጌይቱ ጉንጭ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነጩ ብር ራሱ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ሁሉም ተራ ይጠይቅ ጀመር።

ይህን ቀለም ማንም አልቀባውም። በአየር ውስጥ ያለው ጥቂት የድኝ ጋዝ ከብሩ ጋር ሲዋሃድ እጅግ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ብርሃን ከሽፋኑ ላይና ከሥሩ ሲንጸባረቅ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ቀለማት ይወጣሉ። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሙ በተራ ይለወጣል፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፤ በጣም ሲወፍር ጥቁር። ይህ ቅደም ተከተል ለሰብሳቢ ትልቅ መፈተኛ ነው። ተራውን ያልጠበቀ፣ ከፊደሎቹና ከምስሉ ላይ እንደተለጠፈ ሆኖ የሚታይ ቀለም ሰው ሠራሽ መሆኑ ያጠራጥራል።

በቤተ ሙከራ የተሰበረ የብር ቀለበት የድኝ ጋዝ ከሚያወጣ የተቀቀለ እንቁላል ጋር በማሰሮ ከድነን ቀለማቱ ሲፈራረቁ አይተናል። በጠገራ ብር ላይ ግን ይህን ማድረግ ለእኔ ታሪክን ማጭበርበር ነው፤ ልጆቹም ይህን አምነውበታል።

በአሜሪካ ይህ ውበት ራሱን የቻለ የመሰብሰብ ዘርፍ ነው። ከ1878 እስከ 1904፣ እንደገናም በ1921 እ.ኤ.አ. የተመቱት ‘የሞርጋን’ የሚባሉት የብር ዶላሮች አንድ አንድ ሺህ እየሆኑ በሸራ ከረጢት ለአሥርት ዓመታት ተከማችተው ነበር። ጨርቁን የነካው ፊት ቀለም ያዘ፤ አንዱ ዶላር ሌላውን በከፊል በሸፈነበት ቦታ ደግሞ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ነጭ ቀረ። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንዲህ ላለው ዶላር ከመደበኛው ዋጋ በላይ ይከፍላሉ።

የእኛ ብር ታሪክ ግን የበለጠ የተወሳሰበ ነው። እቴጌይቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም ብሩ 1780 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ። በ1935 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ሀገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ማተሚያውን ከቪየና አግኝታ በሮም መታችው፤ በቀጣዩ ዓመት ለንደንም ጀመረች። ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ባለ አንበሳ ብር እንኳ ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይነግረንም። ቀለሙም ቢሆን አይነግረንም፤ የሚነግረን እንዴት እንደተቀመጠ ነው። በጨርቅ ተቋጥሮ ነበር? ድሪ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር? ከጎማ ላስቲክ ጋር ታስሮ ጠቁሮ ይሆን? ልጆቹ ቤት ሄደው ሽማግሌዎችን የጠየቁት ይህንን ነው፤ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔን ደስ ያሰኘኝም ይኸው ጥያቄ ነው።

ብሮቹን በኬሚስትሪ ክፍል ሚዛን መዝነናል። አዲስ ሲመታ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ብር በእጅ ብዛት ሲያልቅ እንደሚቀል፣ ከመቶው 83 እጅ ብር ሆኖ ሌላው በአብዛኛው መዳብ እንደሆነም ተማርን። እንግዳችን ሆነው የመጡት ብር ሠሪ ድሮ ስንቱ ጠገራ ቀልጦ መስቀልና አምባር እንደሆነ ሲያጫውቱን ልጆቹ ሰዓቱን ረስተው ነበር።

በመጪው ዓመት እያንዳንዱን ብር ከሁለቱም ፊት ፎቶ አንሥተን፣ ክብደቱንና የአቀማመጡን ታሪክ በመዝገብ እናሰፍራለን። ብሮቹ በዚያው ዕለት ወደ ባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ፤ በክበባችን መግዛትም መሸጥም የለም። ምዝገባው በመስከረም ነው። ብር ያላችሁ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ከወላጅ ጋር ተነጋግራችሁ አምጡ፤ ሳታጥቡት።