ሰዓት የሚያከብረው ብልሽቱ ብቻ ነው

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጎብጦ የደረሰኝ የሙዚቃ ሸክላ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ባለፈው ወር ከእናንተ አንድ ሸክላ ገዝቼ ነበር። ኒው ዮርክ አርት ኳርቴት የተባለው የጃዝ ቡድን የመጀመሪያ አልበም ነው፣ በድጋሚ የታተመው። 6,800 ብር ከፍያለሁ። በሦስት ቀን ይደርሳል ተብዬ በ19ኛው ቀን ባሕር ዳር መናኸሪያ ሄጄ ተረከብኩ። መዘግየቱን ልተወው።

የማልተወው ሌላ ነው። ሸክላው ካርቶን አልነበረውም። በፌስታል ጠቅልላችሁ ነው አውቶቡስ ላይ የጫናችሁት። ሚያዝያ ላይ እዚህ ጣና ዳር እንኳ ጥላ ካልያዙ አይቀመጡም። ሸክላ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀት ካገኘው ይጎብጣል። የእኔው ጠርዙ ምጣድ ላይ እንደበሰለ እንጀራ ብድግ ብሏል።

ደወልኩላችሁ። ስልኩን ወደ ማጫወቻው አስጠግቼ ላነጋገረችኝ ልጅ አሰማኋት። ትንሽ አዳመጠችና «እትዬ፣ ይሄ ሙዚቃ እኮ ሲጀመርም እንደዚህ ነው፤ ፍሪ ጃዝ ነው» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ተናደድኩ።

ፍሪ ጃዝ ቋሚ ምትና ዜማ ሳይከተሉ በነጻነት የሚጫወቱት ጃዝ ስለሆነ፣ ሙዚቃው ለስላሳ አለመሆኑ እውነት ነው። ፒያኖ የለውም። የጆን ቺካይ አልቶ ሳክስፎንና የሮዝዌል ራድ ትሮምቦን እየተሻሙ ያወራሉ። ሉዊስ ዎረል ባሱን ይዟል። ሚልፎርድ ግሬቭስ ከበሮው ላይ ተቀምጦ እንደ ሰዓት መቁጠር አይወድም። አንዱ ሥራ ላይ ደግሞ ያኔ ሊሮይ ጆንስ ይባል የነበረው አሚሪ ባራካ ግጥሙን ያነባል። እኔ ግን ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን ሲያስጮኸው እየሰማሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ጩኸትና ብልሽት አይምታታብኝም።

እንዴት እንደለየሁት ልንገራችሁ። ሸክላው በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ ይዞራል። አንዱ ዙር 1.8 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። በየ1.8 ሰከንዱ መርፌዋ ጉብታው ላይ ትወጣለች፣ ድምፁ ይዋልላል፣ ከዚያ «ዷ» ብላ ትወርዳለች። አንድም ጊዜ አታዛንፍም። በሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ። አልበሙ ላይ ሰዓት አክብሮ የሚመጣው ብልሽቱ ብቻ ነው። (ከእናንተ ዕቃ ማድረስ ይሻላል።)

ልጅቷ በሁለት መስታወት መሃል አድርጌ ከባድ መጽሐፍ እንድጭንበት መክራኝ ነበር። አራት ቀን ጫንኩበት። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ ሸክላው እንደጎበጠ ነው።

የኳርቴቱ ሰዎች በዚያ ዘመን አብረው የቆዩት ሁለት ዓመት ገደማ ነው። ይህን የቀዱት በፈረንጆቹ 1964 ሲሆን ኢኤስፒ ዲስክ የተባለው ሸክላ አሳታሚ በዓመቱ አወጣው። የኢኤስፒ ሸክላዎች ላይ «በዲስካቸው የምትሰሙትን የሚወስኑት አርቲስቶቹ ብቻ ናቸው» የሚል ጽሑፍ ይታተም ነበር። እኔ ጋ በመጣው ላይ ግን ፌስታላችሁም ወስኗል።

ስለዚህ ያልጎበጠ ሌላ ቅጂ በጠንካራ ካርቶን ታሽጎ በአሥር ቀን ውስጥ ይላክልኝ። ከሌላችሁ ገንዘቤን መልሱልኝ፤ የመላኪያውንም ጨምሮ። ልጅቷን አትቆጧት፣ ሥራዋን ልትሠራ ነው የሞከረችው። የጎበጠውን በራሳችሁ ወጪ አስወስዱት። ፌስታሉንም አልጣልኩትም፤ አብሮ ይመለስላችኋል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከባሕር ዳር