የእንግሊዝኛ ቃላት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ከባድ ከባድ ቃል መሸምደድ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ዘንድሮም ከመምህራን ማረፊያ ክፍል አልጠፋም። እኛ ግን ለጉራ የሚሆን ቃል አንለቅምም። የምንሠራበት የቋንቋ ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው፤ 570 የቃል ቤተሰቦችን፣ ማለትም አንድን ቃል ከነእርባታዎቹ፣ ይዟል። «አናላይዝ»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ሃይፖቴሲስ» እዚያ ውስጥ አሉ። የባዮሎጂውን መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩ፣ ታገኟቸዋላችሁ። ትምህርቱን እያወቀ የጥያቄው ቃል ስላልገባው ብቻ ነጥብ የሚጥል ተማሪ ስንት ነው?

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን እንደተለመደው ቀጥለዋል። አዲሱ ነገር የላይትነር ሣጥን ነው፤ በውስጡ የተከፋፈለ የማጥኛ ካርዶች ሣጥን። ካርዱ በአንድ በኩል ቃሉን፣ በሌላው ፍቺውንና አንድ ዐረፍተ ነገር ይይዛል። ያወቁት ካርድ ወደሚቀጥለው የሣጥኑ ክፍል አልፎ ቆይቶ ይጠየቃል፤ የሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ አዲስ የተጠና ነገር ካልተከለሰ ቶሎ ይረሳል። ካርዶቹን የቆረጥነው ከድሮ የፈተና ወረቀት ነው። ለምን እንደሆነ ርዕሰ መምህሩ ያውቃሉ።

ከሁሉም የቤተ መጻሕፍቱ ጉብኝት ይበልጥብኛል። የሄድነው ባለ 20 ቅጹን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለማየት ነበር። በስብሰባ ከኋላ ተቀምጣ ትንፍሽ የማትል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለችን። አንዱን ቅጽ ታቅፋ ጥግ ያዘች። ይህ መዝገበ ቃላት የቃሉን ፍቺዎች ከጥንቱ ጀምሮ፣ ከነጥቅሱና ከነዓመቱ ነው የሚደረድረው። እሷም ዛሬ «ጥሩ»፣ «ደስ የሚል» የምንልበት «ናይስ» ላይ ደረሰች። ለካ ቃሉ ከላቲን ሲመጣ «አላዋቂ» ነበር፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛም «ቂል» ማለት ነበር! ልጅቷ ሳቋን ለቀቀችው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ! ሠራተኛው ብቅ ሲሉ እኔ ተሸማቀቅኩ። እሷ ግን ገጹን ዘርግታ ለጓደኞቿ ማስረዳት ጀምራለች፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሰውየውም ሊቆጡ መጥተው ቆመው አዳመጧት። ከዚያ ወዲህ «ድሮስ ምን ማለት ነበር?» ሳትል አንድም ቃል አታሳልፍም። እኔንም መልስ ታሳጣኛለች፤ ደስ እያለኝ።

የክፍሎች የቃላት ውድድር ግን አልተሳካም፤ አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት ተሰጠብን። በሁለተኛው መንፈቅም አባላት ሳሱ። ፈተና ሲቃረብ ያለ ነው።

የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ መለያ ሲለብስ ከልብ አጨብጭበናል። እኛ ደግሞ ያለን አንድ መዝገበ ቃላት ነው፤ እሱም የ«ኤስ» ገጾቹ ተቀዳደዋል። የምንጠይቀው ጥቂት የተማሪ መዝገበ ቃላት፣ ጠንከር ያለ ካርቶንና ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት በጀት ሲያወጣ ያስታውሰን። የቀድሞ ተማሪዎችም ቤት ውስጥ አቧራ የሚጠጣ መዝገበ ቃላት ካላችሁ ለክበቡ አምጡልን። «ኤስ» መኖሩን ብቻ አደራ።