የአባትህ ስኳድራ አለ?

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ በወግ ልጀምር ነበር፤ እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ ተውኩት። መጥፋቴን አውቃለሁ። ይቅርታ። ስንገናኝ በደንብ ትሰድበኛለህ፣ አሁን ግን አንድ ነገር ፈልጌ ነው። «ካልቸገረህ መቼ ትጽፋለህ» በለኝ፣ ችግር የለም።

ያቺን ወደ ውጭ ወጣ ያለች መስኮታችንን መቼም አልረሳሃትም። ማትሪክ ስናጠና የምንሻማባትን። እማዬ ጉልበቷ ካስቸገራት ወዲህ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው የምትውለው። የሰፈራችንን የአፍንጮ በርን ሰው ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ እሷን ጠይቅ። ታዲያ ልስኑ እየተፈረፈረ ነጠላዋ ላይ ሲወርድ ጊዜ ውስጡን በኮምፔርሳቶ ላለብሰው ተነሳሁ።

አናጺው እጁ ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ሞራሌውን መታ፣ ኮምፔርሳቶውን ቆራረጠ። የጠርዙ ሊስቴሎ፣ ማለት መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ቀጭን እንጨት ላይ ሲደርስ ግን ጉድ ፈላ። መስኮቷ ባለ ሦስት ጎን ናት አይደል? ጥጉን ሁሉ 135 ዲግሪ ነው ብሎ ገመተና ከ180 የሚጎድለውን 45 ለሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን ጫፍ በ22.5 ዲግሪ ቆረጠው። ሂሳቡ ልክ ነው። ቤቱ ግን የጭቃ ቤት ነው፤ በዚህ ዕድሜው ማዕዘኑ የት ይጠብቀዋል? በቀኝ በኩል ገጠመ፣ በግራ በኩል ትንሽ ጣቴ ይገባል። «በስቱኮ እንሞላዋለን» አለኝ። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አንተ ታውቃለህ።

እሳቸው ያንን የሚታጠፍ የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ ጥጉ ውስጥ ከፍተው፣ ብሎኑን አጥብቀው፣ ካርቶን ላይ ያሰምሩና ማዕዘኑን ለሁለት ይከፍሉት ነበር። ለየጥጉ ለብቻው። ስኳድራው አንተ ጋ ነው ብዬ ነው።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። የእናንተ ቤት በ2016 ከነዶሮ ማነቂያ ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ከአባትህ ወርክሾፕ በእጅህ ይዘህ የወጣኸውን ዕቃ እኔ ለመስኮት ማስዋቢያ ስጠይቅህ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ስደውልልህ ስለ ቤት ምን እላለሁ እያልኩም ነው ቀኑ የሄደው። ይሄንን በስልክ አልናገረውም ነበር።

ደግሞ የእኛስ ቤት ሳይፈርስ እስከ መቼ ይቆያል? ጎረቤት ሁሉ «ምን ያለፋሃል» ይለኛል። እማዬ ደግሞ «ቶሎ ጨርስና ወንበሬን መልስልኝ» ነው የምትለው። እኔ የእሷን ሰማሁ።

ለማንኛውም ሥራውን አስቁሜዋለሁ፣ በስቱኮው ብቻ አይደለም። ከመስኮቱ ግርጌ ያለው እንጨት እርጥብ ነው። አናጺው «ኮምፔርሳቶው ይሸፍነዋል» ይላል። ይሸፍነዋል፣ ግን የውስጥ ኮምፔርሳቶ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ንብርብሩ ይላቀቃል። ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። እኔ ውሃው ከላይ ከቆርቆሮው መጋጠሚያ ነው የሚገባው እላለሁ፤ እሱ ከመስኮቱ ደፍ ሥር ነው ይላል። አንተ አንዴ አይተህ ትፈርዳለህ። መጀመሪያ ያ ይደፈን፣ እንጨቱ ይድረቅ፣ የኮምፔርሳቶው ጀርባና ጠርዙም ቀለም ይቀባ፤ ከዚያ ይመታል።

እሁድ ና። እማዬ «ያ ቀጫጫ ልጅ የት ገባ» ትላለች፤ ሆድ ማውጣትህን አልነገርኳትም። ስኳድራውን በሰው እንዳትልከው፣ ይጠፋል። ብሎኑ ዝጎ ከሆነ ከአሁኑ ነጭ ጋዝ ቀባው።

ያው ወንድምህ