ለልጄ፣ ስለ አባትሽ መብራቶች

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወንድምሽ ጋ ቢሾፍቱ ተመችቶኛል። ስደውልልሽ ሁሌ «ቆይ እማዬ፣ ደንበኛ መጣ» ስለምትዪኝ ጻፍኩልሽ። ማታ አረፍ ስትዪ አንብቢው።

የአባትሽን የመብራት ወርክሾፕ መልሰሽ መክፈትሽ ደስ ብሎኛል። አቃቂ ደግሞ ለመብራት እንግዳ አይደለችም። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል እዚያው አጠገባችሁ ነው። እሱም ስንት ዓመት ሥራ አቁሞ ኖሮ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ ተነሣ። ሰፈራችሁ መብራት መጥፋቱን ባይተውም።

ያ ክንዱ የሚተጣጠፈው የጠረጴዛ መብራት ግን አሳስቦኛል። መጀመሪያ የፈለሰፈው ጆርጅ ካርዋርዲን የሚባል እንግሊዛዊ የመኪና መሐንዲስ ነው። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና አንዱን ሲጠግን ነው ሥራው የገባው። ብልሃቱ ያለው ሞላው ላይ ነው። ክንዱን የትም ብታቆሚው ባለበት የሚቀረው ሞላው የጭንቅላቱን ክብደት ስለሚችል ነው። የድሮው አምፖል ላባ ነበር፤ አዲሱ የኤልኢዲ አምፖል ይከብዳል። በላክሽልኝ ፎቶ ላይ መብራቱ አንገቱን ደፍቷል። ብሎኑን በማጥበቅ ላቁመው እንዳትዪ፤ ውሎ አድሮ ይላላል። ሞላውን ቀይሪ።

አምፖል ስትገዪ ካርቶኑን አንብቢ። ድሮ 60 ዋት የሚሠራውን ዛሬ 8 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ይሠራዋል። ያንን ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥሽ 2700 ኬልቪን የሚለው ነው። 6500 ካስገባሽበት የአባትሽ መብራት ክሊኒክ ይመስላል። ከኮፍያው አናት ያሉትን ቀዳዳዎችም እንዳትደፍኚ። ኤልኢዲም ቢሆን ሙቀት ይገድለዋል።

አዲስ ላሜራ ውኃ እያርከፈከፉ ማዛግ የሚባለው ነገር ግን አልጣመኝም። «ደንበኛ ዝገት ይወዳል» አልሽኝ። ይውደድ! ትናንት የተቆረጠ ላሜራ የድሮ ነው ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። አባትሽ ሲሠራቸው አዲስ ነበሩ እኮ፤ ቀለማቸው ያብለጨልጭ ነበር። እኔው ነኝ የምቀባቸው፣ አረንጓዴና ክሬም። ቅርጹን መልሺ፣ ቀለሙን መልሺ። ዝገቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

የድሮውን ሽቦ ደግሞ ጨርሶ እንዳትመልሺ። ያ በጨርቅ የተሸፈነው ገመድ ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ጎማ ይፈረፈራል። የመብራቱ አካል ብረት ነው፤ ሽቦው ከነካው ሰው ይይዛል። ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አድርጊ፤ ግራውንዱን፣ የመሬት ሽቦውን ማለቴ ነው፣ ከብረቱ ጋር በብሎን እሰሪ። ይህ ሳይሆን አንድም መብራት ከበሩ እንዳይወጣ።

ሃያ መብራት ያዘዘው ካፌ ቀብድ ከፈለ? ስጠይቅሽ ወሬ ቀየርሽ። አባትሽን አንድ ሆቴል፣ ስሙን አልጠራም፣ መብራቱን ሰቅሎ ካበራ በኋላ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ አንከራቶታል። ግማሹን ሳትቀበዪ ላሜራ እንዳትገዪ። ካፈርሽ ስልኩን ላኪልኝ፣ እኔ እደውልለታለሁ።

የድሮዎቹ ሞላዎች ጓዳ ውስጥ ከምጣዱ ጀርባ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አሉ። ረጃጅሞቹ ለታችኛው ክንድ ናቸው። ቅዳሜ ከምሳ በፊት እመጣለሁ፤ አብረን እንሞክራቸዋለን።

እናትሽ