የቅሬታ ደብዳቤ፦ በአራጎናይት ዋጋ ስለተሸጠልኝ ተራ አሸዋ

ለመደብሩ ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ።

ማርች 9 ሁለት ከረጢት አሸዋ የገዛሁት ደንበኛ ነኝ። ባለ 40 ጋሎን የባሕር ውኃ አኳሪየም (የመስታወት ገንዳ) ኮራል ለተባለው የባሕር ፍጡር እያሰናዳሁ እንደሆነ ስነግርዎት፣ የአገር ልጅ መሆኔን አይተው በአማርኛ ያጫወቱኝ፣ አሸዋውንም ራስዎ ከጓዳ ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ደብዳቤዬንም በአማርኛ የጻፍኩት ለዚሁ ነው።

ርካሽ አሸዋ እንደምፈልግ ያን ቀን አልደበቅሁም። የአራጎናይት፣ ማለትም ለኮራል ገንዳ የሚሸጠው የባሕር አሸዋ፣ የፋብሪካ እሽጉ ዋጋው ሲከብደኝ፣ «ይሄም ያው አራጎናይት ነው፤ በጅምላ አምጥተን ራሳችን ስለምናሽገው ነው የረከሰው» ብለው ምንም ጽሑፍ የሌለበት ነጭ ከረጢት ሰጡኝ። 20 ፓውንዱ 26 ዶላር፣ ሁለቱ 52። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ እያየችኝ «ለአሸዋ?» ብላ ደነገጠች። እሷ የምታውቀው አሸዋ በሲኖትራክ መጥቶ በር ላይ የሚገለበጠውን ነው።

አሸዋውን አጥቤ ከገንዳው ውስጥ ካነጠፍኩት በኋላ፣ ኮራል ሲያረባ ዓመታት ያስቆጠረ ወዳጄ ሊጠይቀኝ መጣ። መስታወቱን ጠጋ ብሎ አየና «አቼቶ አለህ?» አለኝ። ሁለት የቡና ሲኒ አቀረብኩ። በአንዱ እሱ ከቤቱ ካመጣው አራጎናይት አንድ ማንኪያ፣ በሌላው ከናንተ ከረጢት የተረፈውን አንድ ማንኪያ አደረግንና ነጭ አቼቶ አፈሰስንባቸው። የእሱ እንደ አምቦ ውኃ ተንተከተከ። የናንተው ዝም አለ። እስከ ታች አማስለን ጠበቅነው፣ አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣውም።

አራጎናይት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ጋዝ ይለቃል። ዝም የሚለው የሲሊካ አሸዋ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ከግንባታ ዕቃ መደብር 50 ፓውንዱ ከ10 ዶላር በታች የሚገዛው ዓይነት።

ላልሆነ ነገር ልወቅስዎት አልፈልግም። ሲሊካ ዓሣ አይገድልም፤ በእሱ ላይ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎችም አሉ። አሁን መስታወቴ ላይ የወጣው ቡናማ ነገር ዲያቶም የሚባል በዓይን የማይታይ ጥቃቅን አልጌ ክምችት ነው፤ አዲስ ገንዳ ላይ በማንኛውም አሸዋ ስለሚመጣ በእርስዎ አላሳብብም። «አሸዋው የውኃውን ፒኤች (የአሲድነቱን ልክ) ራሱ ይጠብቅልሃል» ያሉኝንም ትቼዋለሁ። እውነተኛው አራጎናይት እንኳ በኮራል ገንዳ ፒኤች፣ በ8.2 አካባቢ፣ እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይሟሟም። ይህን ስህተት ሻጭ ሁሉ ይሳሳተዋል።

ለከረጢቱ የሰጡትን ስም ግን አልተውም። አራጎናይት የሚወደደው ከባሃማስ አካባቢ በመርከብ ተጭኖ ስለሚመጣ ነው፤ ያንን ጉዞ ላልተጓዘ አሸዋ የመርከቡን ዋጋ ከፍያለሁ። «ሲሊካ ነው፣ ዋጋው ይሄ ነው» ቢሉኝ ኖሮ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሳላቅማማ እገዛዎት ነበር።

አሸዋውን አልመልስም፤ ገንዳው ውኃና ድንጋይ ይዟል፣ የገንዳውን ቆሻሻ የሚያብላላው ባክቴሪያም ገና እየተረጋጋ ነው። የምጠይቀው ልዩነቱን ነው። 50 ፓውንዱ 10 ዶላር ነው ብንል እንኳ የእኔ 40 ፓውንድ 8 ዶላር ይሆናል፤ የቀረው 44 ዶላር ይመለስልኝ። በጓዳ ያሉት ነጭ ከረጢቶችም ከመሸጣቸው በፊት ምን እንደያዙ ይጻፍባቸው። እኔ ስገዛ ከኋላዬ ቆሞ የነበረው ወጣት ከዚያው ሦስት ከረጢት ሲጭን አይቻለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰኙንና የተረፈውን አሸዋ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ከማናቸውም ነጭ ከረጢት አንድ ማንኪያ ያውጡ፤ አቼቶውን እኔ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ