ኮምፒውተሩ ደረሰኝ አያይም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ ስጀምር ሁሉም ነገር በመዝገብ ነበር። አንድ ዓመት ሰኔ 30 ላይ እኩል መሆን ያለባቸው ሁለቱ የሒሳብ ዓምዶች፣ ዴቢትና ክሬዲቱ፣ አልገጥም ብለው፣ ለ9 ብር ልዩነት ሦስት ቀን አመሸን። ለካ 54 መባል የነበረበት 45 ተብሎ ተጽፏል።

ዛሬ የምንሠራው ፒችትሪ በሚባል የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። ሽያጩን አንዴ ካስገባሁት ወደ ሌጀሩም (ወደ ዋናው የሒሳብ መዝገብ) ወደ ስቶኩም (ወደ ዕቃ ክምችቱ መዝገብ) ራሱ ይሄዳል። 15 በመቶውን ቫትም ያሰላል። የማን ዕዳ ስንት እንደደረሰ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ ቀረ። ትልቅ እፎይታ ነው።

የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ባለንብረቶች «ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው» ብለው ሪፖርቱን ሳያዩ መፈረማቸው ነው። የጄኔሬተር ናፍጣን የቢሮ ኪራይ ብለን ብንመዘግበው ኮምፒውተሩ እሺ ብሎ ይቀበላል። ዴቢትና ክሬዲቱ እኩል ስለሆነ ሁለቱ መግጠማቸውን የምናይበት ዝርዝር፣ ትራያል ባላንሱም፣ አያጋልጠንም። ስህተቱን የሚያገኘው ደረሰኙን በእጁ ይዞ የሚያስተያይ ሰው ነው።

የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ጉዳይም አለ። ባለፈው ዓመት መብራት ሄዶ ሲመለስ ሃርድ ዲስካችን ተቃጠለ። የሁለት ወር ሒሳብ ከደረሰኝ ላይ አንድ በአንድ እንደገና አስገባን። ቅጂ ቢኖረን ኖሮ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር።

እባካችሁ ባለድርጅቶች፣ ሶፍትዌር ስትገዙ ለሠራተኛው ሥልጠናና መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ለሚያቆየው ባትሪ፣ ለዩፒኤስ፣ አብራችሁ መድቡ። የባክአፑን ፍላሽም እዚያው ኮምፒውተሩ ሥር ባለው መሳቢያ አትተዉት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ