ስለ ሮቶ ስታንዳችሁ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ከየካቲት 7 ቀን 2017 ወዲህ ስልካችን አላረፈም። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ በሬክተር ስኬል 6 ሲመዘገብ፣ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችሁ በውድቅት ሌሊት ከፎቅ ወርደው ለእናንተ ደወሉ። በማግስቱ እናንተ ለእኛ ደወላችሁ። ጥያቄው አንድ ነው፦ «በብረት ስታንድ ላይ ያቆማችሁልን ሮቶ (የውሃ ታንከር) ይወድቅብን ይሆን?»

እውነቱን እንናገር። የአንዳንዶቻችሁ ያሰጋናል። ጥፋቱም የእኛ ነው።

ፈንታሌ እኛ ካለንበት ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ ስምጥ ሸለቆው ቀስ እያለ ይላቀቃል፣ የቀለጠ ዓለትም ከሥር በስንጥቁ ይገባል፤ መንቀጥቀጡ ከመስከረም 2017 ጀምሮ አልበርድ ብሎ የቆየው ለዚህ ነው። የዚያ አገር ሰው ቤቱና መንገዱ ተሰነጠቀ፣ ዶፈን ተራራ ላይ እንፋሎት ከመሬት ተፈናጠረ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ። የእኛ ስጋት ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። የእኛ ጣና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለም።

ግን ከሩቅ የሚደርስ ንዝረት ዝግ ያለ ውዝዋዜ ነው። አጭር ቤት ላይሰማው ይችላል። ከላይ የከበደ ረጅም ነገር ግን አብሮ ይወዛወዛል፣ የሐይቅ ዳር ለስላሳ አፈርም ያጎላዋል። ባለ 2000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ደግሞ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው።

ማክሰኞ ዲያስፖራ ሰፈር አንድ ደንበኛችን ግቢ ገብተን፣ ከሦስት ዓመት በፊት ያቆምነውን ስታንድ በእጃችን ገፋ ገፋ አደረግነው። ለቀቅነው። ስታንዱ መወዛወዙን ቀጠለ፣ ላይ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ከታች አንዱ ብሎን በጣት ይዞራል። እግሮቹን በመስቀል የሚያስረው ብረትም የለም፤ ያኔ ሰውዬው «ዋጋ ቀንሱልኝ» ሲሉን የቀነስነው እሱን ነበር።

ስለዚህ መስቀለኛ ብረት የሌለውን ስታንድ ሁሉ እየዞርን በነፃ እንበይዳለን፣ ብረቱም ጉልበቱም ከእኛ። ወደፊት ያለ እሱ አናቆምም። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ አትከራከሩን።

እስክንመጣ ሮቶውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላችሁ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ከሥሩ መኪና አይቁም፣ ልጆችም አይጫወቱ። ብሎኑን በጣታችሁ ሞክሩት፤ ከዞረ ዛሬውኑ ደውሉ።

ሰኞ ከሽምብጥ እንጀምራለን። ውሻ ያላችሁ እሰሩልን።